የዲዦን ለቀስተኞች፦ ተራቸው የጠፋባቸው ምስሎች ጉዳይ

በ1793 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በፈረንሳይዋ የዲዦን ከተማ አብዮተኞች የቀድሞ ገዢዎቻቸውን መቃብር ሲያፈርሱ ሁሉንም በአንድ ዓይን አላዩትም። ከላይ እጃቸውን ለጸሎት ገጥመው የተጋደሙት የመሳፍንቱ ምስሎች በመዶሻ ተሰባበሩ። ከሥራቸው መቃብሩን ዙሪያውን የከበቡት፣ ቁመታቸው 40 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆኑ ለቀስተኞች ግን ጥበባቸው ደስ ይላል ተብሎ ተረፉ። የከተማው ሰው በአንድ የመነኮሳት ማኅበር ስም «ትንንሾቹ ካርቱዚያኖች» ይላቸው ነበር። ጌታው ፈርሶ ለቀስተኛው ሲተርፍ ማየት በራሱ የሚያስገርም ነው። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ምስሎቹ ከቦታቸው ተነሥተው ሲከማቹ ማን ከማን ቀጥሎ ይሄድ እንደነበር መዝግቦ ያስቀመጠ አልነበረም። ከፊሎቹ ተሰረቁ፣ ተሸጡ። የሁለት መቃብር ለቀስተኞች አንድ ላይ ተደባለቁ። እዚህ የምናየው ጉዳይ ይኸው ነው፤ ምስሎቹ እንዴት ተሠሩ፣ እንዴት ተበተኑ፣ ተራቸውስ እንዴት ተመለሰ።

ባለ መቃብሩ

የመጀመሪያው መቃብር ዲዦን ያለችበት ግዛት፣ የቡርጎኝ፣ መስፍን የነበረው የፊሊፕ ነው። የፈረንሳይ ንጉሥ የዳግማዊ ዣን የመጨረሻ ወንድ ልጅ ሲሆን፣ በ1356 በፗቲዬ ጦርነት ገና በ14 ዓመቱ ከአባቱ ጎን ሳይለይ በመቆሙ «ደፋሩ» የሚል ቅጽል ወጣለት። በ1363 ቡርጎኝን ተረከበ። በ1369 የፍላንደርስን ወራሽ ማርግሬትን አገባ፤ ይህ ጋብቻ በኋላ የሰሜኑን የጨርቅና የንግድ ከተሞች ገንዘብ ወደ ዲዦን ያመጣ ነው። ለመቃብሩ የወጣው ወጪ ከየት መጣ ለሚል፣ መልሱ በአብዛኛው እዚያ ነው ያለው።

ፊሊፕ መቃብሩን ያዘዘው በ1381 ነው። ያኔ 39 ዓመቱ ነበር፣ የታመመም አልነበረም። የዚያ ዘመን መሳፍንት ቀብራቸውን እንደ ቤተ መንግሥታቸው አስቀድመው ያስቡበት ነበርና ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1383 ከከተማው ቅጥር ውጭ ሻንሞል በሚባል ቦታ ለካርቱዚያን መነኮሳት ገዳም አስጀመረ። የመሠረቱን ድንጋይ ያኖረችው ሚስቱ ማርግሬት ናት። ካርቱዚያኖች እያንዳንዳቸው በየበዓታቸው በዝምታ የሚኖሩ፣ ሌሊት ለጸሎት የሚነሡ መነኮሳት ናቸው። በአንድ ገዳም የተለመደው ቁጥራቸው 12 ሲሆን ፊሊፕ 24 አስገባ። ይህ ሁሉ ጸሎት ለማን እንደሚደርስ ግልጽ ነበር፤ ገዳሙ ለእሱና ለዘሩ የመቃብር ቦታ እንዲሆን የተሠራ ነው። መቃብሩም የቆመው መነኮሳቱ በሚጸልዩበት ክፍል ውስጥ ስለነበር፣ በሕይወት ያሉት መነኮሳት ቆመው ሲዘምሩ ከድንጋይ የተቀረጹትም አብረዋቸው የቆሙ ያህል ነበር።

ሦስት እጆች

ሥራው መጀመሪያ የተሰጠው ለዣን ደ ማርቪል ነው። የመቃብሩ ንድፍ፣ በተለይ ከጥቁር ድንጋይ መደብ ላይ የሚነሣው የቅስት መተላለፊያ፣ የእሱ ሐሳብ እንደሆነ ይታመናል። ማርቪል በ1389 ሲሞት የቅርጻ ሥራ ቤቱን ኃላፊነት የያዘው ከአራት ዓመት በፊት ዲዦን የመጣው የሃርለሙ ሰው ክላውስ ስሉተር ነው። ስሉተር ትልቅ ቀራፂ ነበር፤ ትልቅነቱ ግን መቃብሩን አዘገየው። መስፍኑ የገዳሙን ቤተ ክርስቲያን መግቢያ፣ ከዚያም በገዳሙ ግቢ መካከል ዛሬ «የሙሴ ጉድጓድ» የሚባለውን ግዙፍ የነቢያት ሐውልት አዘዘው። ዓመታት ሄዱ። ፊሊፕ በ1404 ሲሞት መቃብሩ ገና አላለቀም ነበር።

ልጁ ዣን («ፍርሃት የለሹ» የሚባለው) በዚያው ዓመት ከስሉተር ጋር አዲስ ውል ገብቶ ሥራው በአራት ዓመት እንዲያልቅ ተስማሙ። ስሉተር ግን ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው ሞተ። የጨረሰው የስሉተር የእህት ወይም የወንድም ልጅ የነበረው ክላውስ ደ ቬርቨ ነው፤ በ1410 አስረከበ። ቀለሙንና ወርቁን የቀባው ሠዓሊው ዣን ማሉዌል ነው። እንግዲህ የትኛው ለቀስተኛ የስሉተር፣ የትኛው የደ ቬርቨ ነው የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልተቋጨም። እኔ በበኩሌ ክርክሩ ብዙም አያጓጓኝም። አንድ የሥራ ቤት፣ አንድ ቤተሰብ፣ አንድ ንድፍ ነው፤ አጎትና ልጅ የተቀባበሉትን መዶሻ ለሁለት ለመክፈል መሞከር ከገበያ ዋጋ ያለፈ የሚሰጠን ነገር ጥቂት ነው።

እውነተኛው ቀብር

ምስሎቹን ለመረዳት የ1404ን ቀብር ማወቅ ያስፈልጋል። ፊሊፕ የሞተው ሚያዝያ ውስጥ፣ ከብራስልስ አጠገብ ባለችው በሃል ከተማ ነው። ሆድ ዕቃው እዚያው ተቀበረ፣ ልቡ የነገሥታት መቃብር ወዳለበት ወደ ሳን ዴኒ ተላከ፣ ሬሳው ግን በሽቶና በቅመም ታሽቶ፣ የካርቱዚያን ልብስ ለብሶ፣ በእርሳስ ሣጥን ተደርጎ ረጅሙን መንገድ ወደ ዲዦን ጀመረ። የደረሰው በሰኔ አጋማሽ ነው። በመንገድ ላይ ባሉ ከተሞች ሁሉ ጸሎት ተደረገ፤ አጃቢዎቹ በመስፍኑ ቤት ወጪ የተገዛ ጥቁር ልብስ ተሰፍቶላቸው እስከ እግር የሚወርድ ካባ ለብሰው፣ ፊታቸውን ተከናንበው ተጓዙ። ጨርቁ እንደ ማዕረጉ ነው የሚታደለው፤ ለባለ ሥልጣኑ የተሻለው ሱፍ፣ ለአሽከሩ ዝቅ ያለው።

ገንዘቡ ግን አልነበረም። የፈረንሳይን ግምጃ ቤት እንደ ራሱ ኪስ ሲያዝበት የኖረ ሰው ሲሞት እዳ ጥሎ ነው የሄደው። ልጆቹ ለቀብሩ ወጪ የብር ዕቃ አስያዙ። ማርግሬትም አራስ በምትባል ከተማ መቀነቷን፣ የገንዘብ ቦርሳዋንና ቁልፎቿን በሬሳ ሣጥኑ ላይ አኖረች፤ ይህ በጊዜው ሕግ የባልን ተንቀሳቃሽ ንብረትና እዳ አልወርስም ማለት ነው። የአውሮፓን ግማሽ በሀብት የምታስንቅ ሴት እንዲህ ማድረጓ የዜና መዋዕል ጸሐፊዎችን አስደንቋል። እሷም በዓመቱ ሞተች፤ የተቀበረችው ግን ባሏ አጠገብ ሳይሆን ሊል ከተማ ከወላጆቿ ጋር ነው። የሻንሞልን የመጀመሪያ ድንጋይ ያኖረች ሴት በሻንሞሉ መቃብር ላይ የለችም።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ለቀስተኞቹ ከቀራፂው ምናብ ብቻ የመጡ እንዳልሆኑ ለማሳየት ነው። ካባው፣ ቆቡ፣ የሰልፉ ተራ፣ ማን ፊት ማን ኋላ እንደሚሆን፣ ሁሉም በዚያ ዘመን የመሳፍንት ቀብር ሥርዓት ነው። በድንጋይ ለቀስተኛ የመቅረጽ ልማዱም በቡርጎኝ አልተጀመረም። የፈረንሳዩ ንጉሥ የቅዱስ ሉዊስ ልጅ የነበረው፣ በ1260 የሞተው ልዑል ሉዊስ መቃብር ላይ የቀብሩ ሰልፍ በጎኑ ተቀርጿል፤ መቃብሩ አሁን ሳን ዴኒ ነው ያለው። እዚያ ግን ሰልፈኞቹ ከግድግዳው ጋር የተጣበቁ ናቸው። የዲዦኑ አዲስ ነገር ከግድግዳው ማላቀቁ ነው።

ሰልፉ በቅርብ ሲታይ

በፊሊፕ መቃብር ዙሪያ 41 ምስሎች ነበሩ፤ ሁሉም አልባስጥሮስ ከሚባል ነጭ ለስላሳ ድንጋይ የተቀረጹ። ከገዳም አደባባይ ዙሪያ እንደሚሠራው ዓይነት የቅስት መተላለፊያ ውስጥ ይሄዳሉ። ከዓምዶቹ ኋላ ገባ፣ ወጣ ይላሉ፤ አንዱ ዓምዱ ሸፍኖት ግማሽ ፊቱ ብቻ ይታያል፣ ሌላው ወደ ጓደኛው ዞሮ የሆነ ነገር የሚለው ይመስላል። እያንዳንዱ ለብቻው፣ ጀርባው ሳይቀር ሙሉ ሆኖ ተቀርጿል። በቅስቱ ውስጥ ሲቆሙ የብዙዎቹ ጀርባ ለማንም አይታይም፤ ሆኖም የካባው እጥፋት እዚያም አልተዘለለም።

ከፊት ጸበል የሚረጨው፣ ሻማ የያዙት ሁለት ልጆች፣ መስቀል ተሸካሚው፣ ዲያቆኑ፣ ጳጳሱ፣ መዘምራኑ አሉ። ቀጥሎ ካርቱዚያን መነኮሳት። ከዚያ ወዲያ ያለው ረጅሙ ሰልፍ የቤተሰብና የቤተ መንግሥት ሰው ነው። እኛ አገር ቀብር ላይ የቆመ ሰው ይህን ተራ ለማወቅ አስረጂ አያስፈልገውም፤ ካህናቱ መስቀልና ጽና ይዘው ከፊት፣ ባለ ሐዘኑ ከኋላ። እንግዲህ «ትንንሾቹ ካርቱዚያኖች» የሚለው ስም እውነቱን ይስታል። ከእነዚያ ተከናናቢዎች አብዛኛዎቹ መነኮሳት ሳይሆኑ የሐዘን ቆብ ያጠለቁ ሹማምንትና አሽከሮች ናቸው።

ከሁሉ የሚታወቀው ፊቱ ጨርሶ የማይታየው ነው። ቆቡ እስከ አገጩ ወርዷል፤ ሐዘኑን የሚነግረን የጨርቁ ክብደት፣ የትከሻው መጉበጥ፣ እጁን በእጅጌው ውስጥ መደበቁ ነው። ቀራፂው እዚህ ላይ የወሰነው ውሳኔ ደፋር ነው፤ ለተመልካች ፊት ነፍጎ ሱፍ ብቻ ሰጠው። ሱፉ ደግሞ ቀጭን ሐር አይደለም፤ ከትከሻ ተንዶ መሬት ላይ ሲደርስ የሚከመር ወፍራም ጨርቅ ነው፣ ለእግር ቦታ የማይተው።

ከእሱ የማያንሱ ሌሎችም አሉ። አንዱ በካባው ጫፍ ዓይኑን ይጠርጋል። አንዱ መጽሐፍ ገልጦ ያነባል፣ አንዱ መቁጠሪያ ይዟል። አንዱ በሁለት ጣቱ አፍንጫውን ቆንጥጦ ይዟል፤ ይህንን ያየ ሁሉ ይስቃል። ሬሳው ሸቶት ነው የሚሉ አሉ፣ ንፍጡን እየጠረገ ነው የሚሉም አሉ። እኔን የሚያሳምነኝ ሁለተኛው ነው። ያለቀሰ ሰው አፍንጫው ይፈሳል፤ መሐረብ የሌለው ደግሞ በጣቱ ይጠርገዋል። ቀራፂው ያንን አይቶ መተው ይችል ነበር፣ አልተወም።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ ይሏል። እውነተኛዎቹ ለቀስተኞች ጥቁር ነው የለበሱት። እነዚህ ነጭ ናቸው። ፊሊፕ ራሱ በጥቁር ድንጋይ መደብ ላይ ቀለምና ወርቅ ተቀብቶ ተጋድሟል፤ ከሥሩ ያሉት ግን አልፎ አልፎ ከተነካካ ቀለም በስተቀር የድንጋያቸውን መልክ ይዘው ቆመዋል። ብርሃኑ በእጥፋቶቹ መካከል እንዲገባና ጥላው ሥራውን እንዲሠራ ያደረገው ይህ ነው፤ ጥቁር ቢቀቡ ኖሮ ከቅስቱ ጨለማ ጋር ተቀላቅለው ይጠፉ ነበር።

መደባለቁ

ነገሩን ያወሳሰበው ሁለተኛው መቃብር ነው። ፍርሃት የለሹ ዣን በ1419 ሞንትሮ በሚባል ቦታ ድልድይ ላይ ተገደለ። ለእሱና ለሚስቱ ለባቫሪያዋ ማርግሬት የሚሠራው መቃብር የአባቱን እንዲመስል ነው የታዘዘው። በ1443 የአራጎኑ ሁዋን ደ ላ ዌርታ ውል ገባ፤ በ1456 ሳይጨርሰው ዲዦንን ጥሎ ሄደ። ያበቃው አንቷን ለ ሟቱሪዬ ነው፤ መቃብሩ የቆመው በ1470፣ ዣን ከተገደለ ከ51 ዓመት በኋላ ነው። ትእዛዙ «አስመስል» ስለሆነ ከለቀስተኞቹ በርካታዎቹ የፊሊፕን ለቀስተኞች እየቀዱ የተሠሩ ናቸው። ያው ቆብ፣ ያው አቋቋም፣ ያው እጅ።

ሁለቱ መቃብሮች ጎን ለጎን ሆነው ከ300 ዓመት በላይ ቆዩ። በ1791 ገዳሙ ተሸጠ፤ መቃብሮቹ በ1792 ወደ ከተማው ሳን ቤኒኝ ቤተ ክርስቲያን ተዛወሩ፣ በ1793 ፈረሱ። 80 ያህል ተመሳሳይ ምስሎች፣ ከሁለት ሰልፍ፣ አንድ መጋዘን ውስጥ ሲገቡ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም። ደግሞ አንድ ሰው በካባው ሥር ሸጉጦ ሊወጣ የሚችል መጠን ነው ያላቸው። ወደ አሥር የሚሆኑት ጠፉ።

የጥገናው ሥራ ከ1819 እስከ 1827 ተካሄደ፤ ሁለቱም መቃብሮች በቀድሞው የመሳፍንቱ ቤተ መንግሥት፣ አሁን የዲዦን የሥነ ጥበብ ሙዚየም በሆነው፣ የዘበኞች አዳራሽ ውስጥ ቆሙ። ዛሬ ከላይ ተጋድሞ የሚታየው የፊሊፕ ምስል በአብዛኛው የዚያ ጥገና ሥራ ነው። ጠጋኞቹን ማመስገን ይገባል፣ ያለ እነሱ መቃብር አይኖርም ነበር። ለቀስተኞቹን ሲመልሱ ግን ተራውን አላወቁም። ከአንዱ መቃብር የነበረው ወደ ሌላው ሄደ፤ ምእመን ከካህን ፊት ቆመ። ቅስቱ ሞልቶ ሲያዩት ያማረ ነበር፣ እንደ ቀብር ሥርዓት ግን ትርጉም አልነበረውም።

መፍትሔው የተገኘው ከመፍረሱ በፊት ከተሠራ ሥራ ነው። ዥልኬን የሚባል የዲዦን ሠዓሊ በ1736 የሁለቱን መቃብሮች ጎኖች፣ እያንዳንዱን ለቀስተኛ በየቦታው አድርጎ ስሎ ነበር። ሥዕሎቹ ታላቅ ጥበብ አይደሉም፤ ጥቅማቸው ሌላ ነው። በ20ኛው መቶ ዘመን ተመራማሪዎች ምስሎቹን ከሥዕሎቹ ጋር እያስተያዩ ማን በየትኛው መቃብር፣ በየትኛው ጎን፣ ስንተኛ እንደነበር አወጡ። የዚህ ዘዴ ጥንካሬ ከጣዕም ላይ አለመቆሙ ነው። «ይህ ፊት የስሉተር ይመስለኛል» የሚለው ባለሙያ ነገ በሌላ ባለሙያ ይሻራል፤ የእጅጌ አወራረድና የራስ አዘነባበል ከ1736 ሥዕል ጋር ሲገጥም ግን የሚከራከር የለም። ምስሎቹም በዚያ መሠረት ወደ ተራቸው ተመለሱ። ያን ጊዜ ነው ጳጳሱ ወዴት እንደሚያይ፣ መዘምራኑ ለማን እንደሚዘምሩ፣ ሁለት ሰዎች ለምን ወደ እርስ በርስ እንደዞሩ ግልጽ የሆነው። ለብቻው ሲቆም የተጨነቀ የሚመስለው ሰው ከጎኑ ያለውን ሲያገኝ እያጽናናው እንደነበር ይታያል።

ወጥተው ሲሄዱ

ሙዚየሙ በታደሰበት ጊዜ የዣን መቃብር ለቀስተኞች ከቅስታቸው ወጥተው ከ2010 እስከ 2012 አሜሪካን ዞሩ፤ ኒውዮርክ በሚገኘው ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ጀምረው ዳላስን፣ ሚኒያፖሊስን፣ ሎስ አንጀለስን ጨምሮ በሰባት ከተሞች ታዩ። የቀረቡት በረጅም መደብ ላይ፣ በሰልፍ፣ ያለ ቅስት ነው። ተመልካች ዙሪያቸውን እየዞረ ጀርባቸውን ማየት ቻለ፤ ከ500 ዓመት በላይ ለዓምድ ብቻ ይታይ የነበረ ጀርባ። ይህ ትልቅ ትርፍ ነው።

ኪሳራም ነበረው። ቅስቱ ሲነሣ መደበቁ ይነሣል። ለቀስተኛው ከዓምድ ኋላ ብቅ ጥልቅ ሲል ነው የሚሄድ የሚመስለው፤ በሜዳ ሲቆም ይቆማል። ቢሆንም ያ ትርኢት ተራቸውን ጠብቆ ስላቀረባቸው ብዙም አልከፋም። የሚከፋው አንድ ለቀስተኛ ብቻውን በመስታወት ሣጥን ውስጥ ሲቀመጥ ነው። ያን ጊዜ «የሐዘን ሐውልት» የሚል ጥቅል ስም ይሰጠውና የማን ቀብር ላይ እንደነበር፣ ከፊቱ ማን እንደሄደ ይረሳል። አፍንጫውን የቆነጠጠው ሰው ለብቻው ቢቆም ቀልድ ይሆን ነበር። በሰልፉ ውስጥ ግን ቀኑ የረዘመበት፣ ሥርዓቱ ያላለቀለት፣ ድካምና ለቅሶ የተቀላቀለበት ሰው ነው።

ከጠፉት መካከል አራቱ ዛሬ በአሜሪካ ኦሃዮ፣ በክሊቭላንድ የሥነ ጥበብ ሙዚየም አሉ። ሙዚየሙ በግዢ ያገኛቸው ናቸው፤ አያያዛቸውም ጥሩ ነው፤ ኦሃዮ አካባቢ ያለ አንባቢ ሄዶ ቢያያቸው ጊዜው አይባክንም። ይመለሱ ወይስ አይመለሱ የሚለው ጥያቄ በሚነሣበት ጊዜ የሚሰማው ክርክር ስለ ባለቤትነት ነው፤ ማን ገዛ፣ መቼ፣ ከማን። እኔ ብጠየቅ ከባለቤትነቱ በፊት የማነሣው የዥልኬንን ሥዕል ነው። በብዙ የዓለም ሙዚየሞች ስላሉ የተነቀሉ ቅርጻ ቅርጾች «የት ነበር?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ግምት ነው። ለእነዚህ ግን ቦታቸው በሥዕል ተመዝግቧል፤ የትኛው መቃብር፣ የትኛው ጎን፣ ከማንና ከማን መካከል። በዲዦን ያለው ቅስትም እስካሁን ቆሟል።